አሳንሰሩና ደረጃው፦ የፎቅ ሕንፃ ባለቤት የደኅንነት ግዴታ በቦንጋና በካፋ ዞን

(በሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)





የዛሬው ርእስ ሲሰማ የታላላቅ ከተሞች ጉዳይ ይመስላል። አሳንሰርና የአደጋ ጊዜ መውጫ ሲባል ሐሳባችን ፈጥኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ ግን ጥያቄው እንደ ቦንጋ ላሉ በማደግ ላይ ያሉ ከተሞች ይበልጥ አንገብጋቢ ነው እላለሁ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ እኛ ዘንድ ብዙው ፎቅ ገና በወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ በፕላን ላይ ለመጨመር አንድ እርሳስ ይበቃል፤ ሰው በገባበት ሕንፃ ላይ ለመጨመር ግን ግድግዳ ማፍረስን፣ ተከራይ ማስወጣትንና ብዙ ገንዘብን ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከተማ ባነሰ መጠን የነፍስ አድን አገልግሎቱም አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ በመላው ንግግሬ የማስረዳው አንድ ሐሳብ ነው፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እስኪደርስ ድረስ ሕንፃው ራሱ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ማዳን መቻል አለበት። ይህ መቻሉ ወይም አለመቻሉ የሚወሰነው ደግሞ እሳቱ ከመነሣቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በባለቤቱ ውሳኔ ነው።

ከመሬት ወደ ፎቅ

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫም ሆናለች። አካባቢው የሚታወቀው በቡናውና እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በተመዘገበው ደኑ ነው። የክልል መቀመጫነት ግን ከቢሮዎቹ ጋር ሠራተኛን፣ እንግዳን፣ ተማሪንና ተከራይን ያስከትላል። መሬቱ ተዳፋት፣ ለግንባታ የሚመች ሜዳውም ውስን በመሆኑ ከተማዋ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ማደጓ አይቀርም።

በእንጨትና በጭቃ በተሠራ፣ ቆርቆሮ ወይም ሣር በለበሰ ቤት ውስጥ የኖረ ማኅበረሰብ ስለ እሳት የራሱ ዕውቀት አለው። እሳት ሲነሣ ቤተሰቡ በጥቂት እርምጃ ደጅ ይወጣል፤ ኡኡታው ይሰማል፤ ጎረቤት ውኃና እርጥብ ቅጠል ይዞ ይደርሳል። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባላችን የተወለደው ከዚህ ኑሮ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ግን ደጁ ሩቅ ነው። ኡኡታውን የሰማ ጎረቤትም ደርሶ ከሥር ከመቆም በቀር የሚያደርገው ጥቂት ነው። ስለሆነም ጎረቤት ያደርገው የነበረውን ሥራ አሁን ደረጃው፣ በሩ፣ ግድግዳውና የማንቂያ ደወሉ ሊሠሩት ይገባል።

አሳንሰሩ የሚጎዳው የት ነው?

ብዙ ሰው ስለ አሳንሰር የሚፈራው ገመዱ ተበጥሶ ካቢኑ እንዳይወድቅ ነው። ለዚህ ፍርሃት የምሕንድስናው ዓለም መልስ ከሰጠ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ በኒው ዮርክ በተካሄደ ዐውደ ርእይ ላይ፣ እሱ ራሱ የቆመበትን መድረክ የተሸከመውን ገመድ በሕዝብ ፊት አስቆረጠ። መድረኩ ጥቂት እንደ ወረደ በደኅንነት መያዣው ተይዞ ቆመ። የዛሬው ካቢን በበርካታ የብረት ገመዶች ይንጠለጠላል። በሌላው ጫፍ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት አለ፤ መጠኑም የባዶው ካቢን ክብደት ከሙሉ ጭነቱ ግማሽ ገደማ ጋር ተደምሮ ነው። ከዚህም የተነሣ ባዶ ካቢን ፍሬኑ ቢከዳው የሚሮጠው ወደ ላይ ነው። ፍጥነቱ ከተወሰነው ሲያልፍ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ካቢኑን ከሐዲዱ ጋር የሚያጣብቀውን መያዣ ያስነሣል።

ታዲያ ሰው የሚጎዳው የት ነው? በአብዛኛው በሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው አደጋ ካቢኑ በሌለበት ወለል ላይ በሩ ሲከፈት የሚደርሰው ነው። ሁለቱ በሮች፣ ማለትም የካቢኑና የወለሉ በር፣ ካቢኑ ካልደረሰ የወለሉ በር እንዳይከፈት፣ በሩ ካልተዘጋም ካቢኑ እንዳይንቀሳቀስ በሚያደርግ ቁልፍ የተሳሰሩ ናቸው። ይህ ቁልፍ ሲበላሽ «ለጊዜው ይሥራ» ተብሎ በሽቦ ከተዘለለ፣ የአሳንሰሩ ጉድጓድ በየፎቁ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው አደጋ ካቢኑ ከወለሉ ጋር ሳይስተካከል ሲቆም የሚደርሰው መሰናከል ነው። ሦስተኛው፣ እኛን በተለይ የሚመለከተው፣ መብራት ጠፍቶ በሁለት ፎቅ መካከል የቀረን ሰው ለማውጣት በሚደረግ ጥረት የሚመጣ ነው።

በዚህ ሦስተኛው ላይ ጥቂት ልቆይ። ካቢን አየር የማያስገባ ሣጥን አይደለም፤ ውስጡ የቀረ ሰው ይጨነቃል እንጂ አይታፈንም። ከሁሉ የተሻለው ቦታው እዚያው መቆየት ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ያልሠለጠነ ሰው በሩን ፈልቅቆ ተሳፋሪው በግማሽ ክፍተት እንዲዘል ሲያደርግ ነው። የሚዘለው ሰው ወለሉን ስቶ በካቢኑ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የወለሉን በር የሚከፍተው ልዩ ቁልፍ እንደ ተራ ቁልፍ በጥበቃ ቤት ግድግዳ ላይ መንጠልጠል የለበትም። የሠለጠነና ስሙ በጽሑፍ የተመዘገበ ሰው እጅ ብቻ ይግባ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ አሳንሰር የሚገዛ ባለቤትም መብራት ሲጠፋ ካቢኑን በባትሪ ወደ ቅርቡ ወለል አድርሶ በሩን የሚከፍተውን መሣሪያ አብሮ ይግዛ። ጄኔሬተር ካለም መልካም ነው፤ ነገር ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጨለማ ውስጥ የሚያገለግለው ባትሪው ነው።

ሌላው የአካባቢያችን ጉዳይ ውኃ ነው። የካፋ ዝናብ ብዙ ወራት ይዘልቃል። የአሳንሰሩ ጉድጓድ ደግሞ ከሕንፃው ሁሉ ዝቅተኛው ነጥብ ነው። በተዳፋት መሬት ላይ በደንብ ያልታሸገ ጉድጓድ ውኃ ያቁራል፤ ውኃውም ብረቱን ያዝጋል፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያዎቹን ያበላሻል። የጉድጓዱ ውኃ መከላከያ መሠረቱ ሲጣል ካልተሠራ በኋላ በፓምፕ የሚኖር ሕንፃ ይሆናል።

የጥገናው ነገርም አለ። አሳንሰር አቅራቢዎችና ባለሙያዎቻቸው በብዛት የሚገኙት ከእኛ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው አዲስ አበባ ነው፤ መለዋወጫውም ከውጭ አገር ይመጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ባለሙያው በየስንት ጊዜው ይመጣል? ብልሽት ሲነገረው በስንት ሰዓት ይደርሳል? እስኪደርስ ድረስ አሳንሰሩን አቁሞ የተያዘ ሰው የማውጣት ሥልጠና የሚሰጠው ለማን ነው? ሦስቱም በውል ውስጥ ይጻፉ። እያንዳንዱ ምርመራና ጥገናም በአንድ መዝገብ ላይ ቀኑ፣ የተሠራው ሥራና የባለሙያው ስም ተጽፎ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን በዚህ ሥራ ቢሠለጥኑ፣ ለራሳቸው ሙያ፣ ለከተማዋም የቅርብ ባለሙያ ይሆናል።

እሳት ሲነሣ አሳንሰሩ ለምን ይተዋል?

«እሳት ሲነሣ በአሳንሰር አትጠቀሙ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በየሕንፃው ይለጠፋል፤ ምክንያቱ ግን እምብዛም አይነገርም። የአሳንሰሩ ጉድጓድ ከታች እስከ ላይ የተከፈተ ቱቦ ነው፤ ሞቃት ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ እንደ ጭስ ማውጫ ያገለግላል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሊቋረጥና ካቢኑ በመካከል ሊቀር ይችላል። እሳት ማጥፊያው ውኃም ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ተሳፋሪው የጠራው ካቢን እሳቱ ባለበት ፎቅ ላይ ሊከፈትም ይችላል። በመሆኑም የማንቂያ ሥርዓት የተገጠመለት አሳንሰር ምልክቱ እንደ ደረሰው በቀጥታ ወደ መውጫው ወለል ወርዶ በሩን ከፍቶ እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ በኋላ በልዩ ቁልፍ ሊያዝዘው የሚችለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ይህ ቁልፍ መሥራቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው? እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ የተነሣው እሳት የ72 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በዚያ ሌሊት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አሳንሰሮቹን በቁጥጥራቸው ሥር ለማድረግ ቢሞክሩም ማዘዣው አልሠራላቸውም። ሕንፃው የነበረው ደረጃ አንድ ብቻ ነበር። እሳቱን ወደ ላይ ያዳረሰው ደግሞ በእድሳት ጊዜ በውጭ ግድግዳው ላይ የተገጠመው ተቀጣጣይ ልባስ ነው። የልባሱ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ልባስ በአገራችን ከተሞች የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል። ሁለቱን ስስ አልሙኒየሞች የሚያያይዘው የመካከለኛው ክፍል ፕላስቲክ ከሆነ እሳት ያቀጣጥላል፤ ማዕድን የበዛበት ከሆነ ግን ይከላከላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። ባለቤቱ ቀለሙን ከመምረጡ በፊት ውስጡ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠይቅ።

ደረጃው፣ በሩና ቁልፉ

በአደጋ ቀን የሚያድነው ደረጃው ነው። ደረጃ ስላለ ብቻ ግን መውጫ አለ ማለት አይቻልም። በብዙ መካከለኛ ሕንፃዎች ደረጃው በአሳንሰሩ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ከየፎቁ መተላለፊያ የሚለየውም በር የለም። እንዲህ ያለው ደረጃ በምድር ቤት ካለው ሱቅ የተነሣውን ጭስ ጥቂት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወደ ላይኛው ፎቅ ያደርሰዋል። ሰውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከነበልባሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ጭሱ ነው። ደረጃው እሳትን በሚቋቋም ግድግዳ ተከልሎ በየፎቁ ራሱን የሚዘጋ በር ሊኖረው ይገባል። በሩ ወደ መውጫው አቅጣጫ ይከፈት። ሌሊት መብራት ሲጠፋ መንገዱን የሚያሳይ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይኑር። ደረጃው በሱቅ ወይም በመጋዘን ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ውጭ ያውጣ።

ሁለተኛ መውጫ የሚያስፈልገው አንዱ በጭስ ሲዘጋ ሌላው እንዲቀር ነው። ሁለቱ መውጫዎች ጎን ለጎን ከሆኑ አንድ እሳት ሁለቱንም ይዘጋል፤ ስለዚህ ይራራቁ። እዚህ ላይ የቦንጋ ተዳፋት ጸጋ ይሆናል። በኮረብታ ጎን የተሠራ ሕንፃ በላይኛው መንገድ በኩል አንድ፣ በታችኛው በኩል ሌላ መውጫ በተለያየ ወለል ላይ ሊኖረው ይችላል። ሜዳ ላይ የሚሠራ አርክቴክት በገንዘብ የሚገዛውን ዕድል እኛ ከመሬቱ እናገኘዋለን። የሚያሳዝነው ግን ይህን የኋላ በር ሌባ ይገባበታል ብሎ መዝጋቱ ነው።

የተዘጋ በር ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ፋብሪካው የያዘው የአሥር ፎቅ ሕንፃ የላይኛዎቹን ሦስት ፎቆች ነበር። በዘጠነኛው ፎቅ ከነበሩት የደረጃ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር። በውጭ በኩል የነበረው የብረት መውጫ ደረጃ የሰዉን ክብደት መሸከም አቅቶት ተደረመሰ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል የደረሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነበር። የአሳንሰር ሠራተኞቹ መመላለስ እስኪሳናቸው ድረስ ብዙዎችን አወረዱ። በር፣ የውጭ ደረጃ፣ መሰላልና አሳንሰር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈተኑ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሊተኩ አልቻሉም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የቦታውን ጥበት በግልጽ አሳይቶናል። ተጠጋግተው በተሠሩ ሱቆች መካከል የእሳት አደጋ መኪና መግባት ሲቸገር ማየት ለማንኛውም ከተማ ትምህርት ነው። አዲስ አበባ የተደራጀ የእሳት አደጋ ተቋም ያላት ከተማ ሆና ይህ ከሆነ፣ የሌሎች ከተሞች ባለቤቶች በመኪናው መድረስ ላይ ብቻ ተስፋ ሊጥሉ አይገባም። በሕንፃው ዙሪያ መኪና የሚቆምበት ቦታ በአጥር፣ በግንባታ ዕቃ ወይም በጊዜያዊ ሱቅ እንዳይያዝ መጠበቅም የባለቤቱ ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጉዳዩን በጥብቅ ቃል ይዞታል። በቁጥር 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ አደጋው አስቀድሞ የማይታሰብ ነበር ማለትም ከኃላፊነት አያድነውም። በቁጥር 2078 ደግሞ የሌላ ሰው ሕንፃ የሚያሰጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር እርምጃ እንዲወስድ ሊጠይቅ ይችላል። በእኔ አረዳድ በሕንፃው ላይ በቋሚነት የተገጠመ አሳንሰር የሕንፃው ክፍል ነው፤ ስለዚህ «ኃላፊው ገጣሚው ድርጅት ነው» የሚለው መከራከሪያ ባለቤቱን ከተጎጂው ጥያቄ አያስጥለውም። ሥራ ተቋራጩ በቁጥር 3039 መሠረት ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ይህ ዋስትና ግን የባለቤቱን የዕለት ተዕለት ጥበቃ አይተካም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣውና ለረጅም ዘመን የዘርፉ መሠረት ሆኖ የቆየው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎችና ከመሬት ወለል ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙት በምድብ «ሐ» ሥር ተመድበው ነበር። በተዳፋት መሬት ላይ «የመሬት ወለል» የትኛው ነው የሚለው ለእኛ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከላይኛው መንገድ ሲለካ ዝቅ የሚለው ሕንፃ ከታችኛው ሲለካ ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የሕንፃ ሹሙም ባለቤቱም ለሰው ደኅንነት የሚያደላውን አቆጣጠር ቢይዙ ይሻላል። አዋጁ በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። የገባ ሰው መውጣትም አለበትና፣ በደረጃ መውረድ ለማይችል ሰው በተከለለው ደረጃ ውስጥ ተጠግቶ የሚቆይበት ቦታና በስም የተመደበ ረዳት ያስፈልገዋል።

ባለቤቱ አንድ ሰው ካልሆነስ? በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ መተላለፊያውና አሳንሰሩ የጋራ መጠቀሚያዎች ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸውም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ምድር ቤት የሚኖር አባል «እኔ አሳንሰር አልጠቀምም» ብሎ መዋጮ እንዳይከለክል መተዳደሪያ ደንቡ አስቀድሞ በግልጽ ይወስን። የጋራ የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን የሚጠብቀው የተጻፈ ደንብ ነው።

የባለቤቶች ክርክር

ከባለቤቶች የሚቀርቡትን ሁለት ክርክሮች በአክብሮት ልመልስ። የመጀመሪያው ሁለተኛው ደረጃ የሚከራይ ቦታ ይበላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ይበላል። ሆኖም ባለቤቱ የሚያከራየው ሰው የሚያድርበትን ቦታ ነው፤ ሊወጡበት የማይችሉት ቦታ ለመኝታ የሚገባ አይደለም። ሁለተኛው የሌባ ሥጋት ነው። ይህም እውነተኛ ሥጋት ነው። መፍትሔው ከውጭ ያለ ቁልፍ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን በመግፋት ብቻ የሚከፈት በር ነው። የመስኮት ፍርግርግም ቢሆን ቢያንስ በየቤቱ አንዱ ከውስጥ እንዲከፈት ሆኖ ይሠራ። በደረጃ ሥር የሚቀመጡትን የጋዝ ሲሊንደሮች፣ የጄኔሬተር ናፍጣና የከሰል ጆንያዎች ለማንሣት ደግሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ ነው።

የዛሬው ባለቤት ወደ ሕንፃው ሲመለስ ከላይኛው ፎቅ ተነሥቶ ስልኩን ሳያበራ፣ በአሳንሰር ሳይጠቀም፣ ቁልፍ ሳይጠይቅ እስከ ውጭ ድረስ ይውረድ። በመንገዱ የሚያስቆመው ነገር ሁሉ በአደጋ ቀን ነዋሪውን የሚያስቆመው ነው። ያንን ዝርዝር ይዞ ነገ ሥራውን ይጀምር።

ከተሰብሳቢዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ቀድሞ በአንድ ደረጃ የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምን ሊደረግለት ይችላል? ይፍረስ ነው የሚባለው?

መልስ፦ ይፍረስ አልልም። መጀመሪያ ያለውን አንድ ደረጃ ከጭስ መጠበቅ ነው፤ በየፎቁ ራሱን የሚዘጋ በር ይገጠም፣ ምድር ቤት ያለው ሱቅ ከደረጃው በግንብ ይለይ። ቀጥሎ በየፎቁ የጭስ ማንቂያ ይደረግ፤ አንድ መውጫ ላለው ሰው እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ሦስተኛ፣ ተዳፋቱ ከፈቀደ በኋላ በኩል በድልድይ ወይም በብረት ደረጃ ሌላ መውጫ ይታሰብ፤ የብረቱን ጥንካሬ ግን የተመዘገበ መሐንዲስ ያስላው፣ በየዓመቱም ዝገቱ ይመርመር።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከራሳችን እንጀምር። ተማሪዎች የሚያድሩባቸው ሕንፃዎች አሉን። በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ደወል ደውለን፣ ሁሉም በደረጃ ወርዶ በተወሰነ ቦታ እንዲሰበሰብ አድርገን፣ የወሰደውን ደቂቃ እንመዝግብ። በምሕንድስናና በሕግ ትምህርት ክፍሎች ያሉ ተማሪዎች ውጤቱን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ቢጠቀሙበት፣ ለከተማዋ የሕንፃ ሹም የሚሰጥ በአካባቢው የተለካ መረጃ ይኖረናል።